ከዘር እስከ ችግኝ፦ መብቀል ሌላ፣ መጽደቅ ሌላ

አንድ የወይራ ዛፍ በዕድሜው ዘመን ስፍር ቁጥር የሌለው ፍሬ ያፈራል። ጫካው ባለበት እንዲቀጥል ግን ከዚያ ሁሉ ዘር በአማካይ አንዱ አድጎ ለወግ ለማዕረግ ቢደርስ ይበቃል። የቀረው በአይጥና በነቀዝ ይበላል፣ ይበሰብሳል፣ በቅሎም ከሆነ በመጀመሪያው በጋ ይደርቃል ወይም በፍየል ይቀነጠባል። የዕፅዋት ዕጣ በአብዛኛው የሚወሰነው በእነዚህ አጫጭር የመነሻ ወራት ነው።

ስለዚህ ጊዜ የሚነሱት ጥያቄዎች በሦስት ይጠቃለላሉ። ዘር የሚነቃበትን ጊዜ የሚወስነው ምንድን ነው? እስከዚያ ድረስ በሕይወት መቆየት የሚችለውስ እንዴትና ለምን ያህል ጊዜ ነው? ከበቀለ በኋላ ደግሞ አብዛኛው ለምን ይሞታል? ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥያቄዎች ሳይንስ ብዙ መልስ አግኝቷል። ሦስተኛው ከሁሉ በላይ አከራካሪ ሆኖ ሳለ በአገራችን የተሰጠው ትኩረት ግን አነስተኛ ነው። በዚህ ዳሰሳ ዓ.ም. የሚል ከሌለ በቀር የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የጥያቄው መነሻ፦ ዘር ስንት ዘመን ይኖራል?

ግሪካዊው ቴዎፍራስጦስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በጻፋቸው የዕፅዋት መጻሕፍት የተለያዩ ዘሮች ለመብቀል የሚፈጅባቸውን ጊዜና የቆየ ዘር አቅሙ እንደሚቀንስ መዝግቧል። በ17ኛው መቶ ዘመን ጣሊያናዊው ማርቼሎ ማልፒጊና እንግሊዛዊው ነህምያ ግሩ በአጉሊ መነጽር እየተመለከቱ በዘር ውስጥ የተጠቀለለውን ፅንስ ሥለው አሳዩ። ጉዳዩ ወደ ረጅም ሙከራ የተሸጋገረው ግን በ1879 ነው። በዚያ ዓመት አሜሪካዊው ዊልያም ጀምስ ቢል በሚሺጋን 20 ጠርሙሶች ቀበረ። በእያንዳንዱ ጠርሙስ ከእርጥብ አሸዋ ጋር የ21 ዓይነት ዕፅዋት ዘር፣ ከየዓይነቱ 50 ፍሬ፣ ነበረበት። ከእሱ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ጠርሙሶቹን በየተራ እያወጡ የሚበቅል መኖሩን ይፈትሻሉ። በ2021 ከወጣው ጠርሙስ ከ140 ዓመት በላይ ከቆዩት ዘሮች 20 ያህሉ በቀሉ፤ ሁሉም የአንድ ወገን አረም ዘሮች ነበሩ። የመጨረሻው ጠርሙስ የሚከፈተው በ2100 ነው።

በዚህ ርዕስ ላይ ማስረጃ ያለውንና የሌለውን መለየት ያስፈልጋል። ከፈርዖኖች መቃብር ወጥቶ በቀለ ሲባል የኖረው ስንዴ ተረት ሆኖ ቀርቷል። በ1967 በካናዳ የ10,000 ዓመት ዕድሜ አለው የተባለ የሉፒን ዘር መብቀሉ ቢዘገብም፣ በ2009 በካርቦን ሲለካ ዘሩ የ20ኛው መቶ ዘመን ሆኖ ተገኘ። በ2012 ሩሲያውያን ከ30,000 ዓመት በላይ በበረዶ ውስጥ ከቆየ ፍሬ ተክል ማብቀላቸው እውነት ነው፤ ነገር ግን ተክሉ የተገኘው ከዘሩ ሳይሆን ከፍሬው ሕዋስ በቤተ ሙከራ ተባዝቶ ነው። በጠንካራ ማስረጃ የቆሙት ሁለት ናቸው። አንደኛው በቻይና ደረቅ ሐይቅ ውስጥ የተገኘው የ1,300 ዓመት ገደማ የሎተስ ዘር ነው። ሁለተኛው በእስራኤል ከማሳዳ ምሽግ በቁፋሮ ወጥቶ በ2005 የተተከለው የ2,000 ዓመት ገደማ የተምር ፍሬ ነው። እነዚህም ልዩ ሁኔታ የጠበቃቸው ጥቂት ዘሮች ስለሆኑ ስለ ዘር ሁሉ አይመሰክሩም።

እንቅልፍ የዘሩ ነው ወይስ የአካባቢው?

በሕይወት ያለ ዘር ውሃ፣ አየርና ተስማሚ ሙቀት አግኝቶም ሳይበቅል ሲቀር ተኝቷል ይባላል። ይህ እንቅልፍ ምን እንደሆነ ግን ሊቃውንቱ አልተስማሙም። እንግሊዛዊው ጆን ሃርፐር ከተፈጥሮው የሚተኛውን፣ በኋላ የሚተኛውንና አካባቢው አላመች ብሎት ብቻ የሚጠብቀውን ለይቶ ነበር። ሩሲያዊቷ ማሪያና ኒኮላዬቫ ደግሞ እንቅልፉን በምክንያቱ መደበችው። አሜሪካውያኑ ካሮልና ጄሪ ባስኪን ይህን አሻሽለው በ2004 አምስት ምድቦች አስቀመጡ፤ በፅንሱ ሆርሞናዊ ሁኔታ የሚመጣ፣ ፅንሱ ገና ስላላደገ የሚመጣ፣ የሁለቱ ድምር፣ ውሃ በማያስገባ ሽፋን የሚመጣ፣ እንዲሁም የሽፋንና የሆርሞን ጥምር።

ክርክሩ የሚነሳው ብርሃንን በተመለከተ ነው። አንዳንድ ተመራማሪዎች ብርሃን እንቅልፍን ያስወግዳል ይላሉ። ሌሎች ደግሞ እንቅልፍ የዘሩ ጠባይ ነው፤ ብርሃን ቀድሞ እንቅልፉ ለለቀቀው ዘር የመጨረሻው የመብቀያ ምልክት እንጂ መድኃኒት አይደለም ይላሉ። ልዩነቱ የቃላት ብቻ ቢመስልም ተግባራዊ ትርጉም አለው። እንቅልፍ ጠባይ ከሆነ በዝርያ ማሻሻያ ይለወጣል፤ የአካባቢ ጉዳይ ከሆነ ግን ማስተካከል ያለብን መደቡን ነው።

ለችግኝ ጣቢያ ሠራተኛ ምደባው በየቀኑ የሚያስፈልግ እውቀት ነው። የግራር ዘር ሽፋኑ ውሃ ስለማያስገባ በፈላ ውሃ መዘፍዘፍ ወይም ጠርዙን መብጣት ይፈልጋል። የወይራ ፍሬ እንቅፋቱ ጠንካራ አጥንቱ ነው፤ አጥንቱ ሲሰነጠቅ ወይም ሲነሳለት አበቃቀሉ በጣም ይሻሻላል። የጥቁር እንጨት ዘር በተቃራኒው ቶሎ ካልተዘራ አቅሙን ያጣል። ለአንዱ የሚጠቅመው ለሌላው ጥፋት ስለሆነ ለአገር በቀል ዛፎች ሁሉ የሚሠራ አንድ መመሪያ የለም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለገሠ ነጋሽ በ1995 ስለ ኢትዮጵያ አገር በቀል ዛፎች አረባብ ባሳተሙት መጽሐፍ እያንዳንዱን ዛፍ ለብቻው ያጠኑትም በዚሁ ምክንያት ነው።

ዘር የሚሰማቸው ምልክቶች

ውሃ ዘሩ ውስጥ ሲገባ የቆመው ሥራ ይጀመራል። መጀመሪያ ዘሩ ውሃ ይመጥጣል፣ ቀጥሎ ለውጥ የማይታይበት የዝግጅት ጊዜ ይመጣል፣ በመጨረሻም የመጀመሪያዋ ሥር ሽፋኑን ጥሳ ትወጣለች። በቤተ ሙከራ ሰው ዘንድ መብቀል ማለት ይህች ሥር መታየቷ ነው። ለገበሬው ቡቃያው ከአፈር በላይ መታየቱ ነው። ለችግኝ ጣቢያው ደግሞ ችግኙ ተተክሎ መጽደቁ ነው። ሦስቱ የተለያዩ መለኪያዎች ናቸው፤ እነሱን ማምታታት ብዙ የተሳሳተ ሪፖርት ያመጣል።

ከውስጥ ዘሩን የሚያስተኛው አብሲሲክ አሲድ የተባለ ሆርሞን፣ የሚያነቃው ደግሞ ጂበረሊን ነው። የጂበረሊን ሥራ ጠላ ጠማቂ ቤት ሁሉ ይታያል። ገብስ ለብቅል ሲዘፈዘፍ ፅንሱ ጂበረሊን ያመነጫል። ሆርሞኑ ከሽፋኑ ሥር ወዳለው ስስ ሕዋስ ይደርሳል፤ ሕዋሱም ስታርችን ወደ ስኳር የሚቀይር ኢንዛይም ይለቃል። ገብሱ በቅጠል ተሸፍኖ ሲጎነቁል የሚጣፍጠው ለዚህ ነው። ይህን ሰንሰለት በ1960 ገደማ በተናጠል ያስረዱት ጃፓናዊው ዮሞና አውስትራሊያዊው ፓሌግ ናቸው።

ከውጭ ከሚመጡት ምልክቶች ቀድሞ የተብራራው ብርሃን ነው። በ1952 የአሜሪካ የግብርና ተመራማሪዎች የሰላጣ ዘር በቀይ ብርሃን እንደሚበቅል፣ ወዲያው ሩቅ ቀይ ብርሃን ከተከተለ ግን እንደሚተው አሳዩ። ብርሃኑ የቱንም ያህል ቢፈራረቅ ወሳኙ የመጨረሻው ነው። በዛፍ ጥላ ሥር የሚደርሰው ብርሃን ቅጠሉ ቀዩን ስለሚያስቀረው በሩቅ ቀይ ያደላ ነው፤ በዚህ መንገድ ጥቃቅን ዘሮች በላያቸው ሌላ ተክል መኖር አለመኖሩን ይለያሉ። በ1990 ደቡብ አፍሪካውያን ጭስም ዘርን እንደሚያነቃ አሳዩ፤ በ2004 ደግሞ በአውስትራሊያ ከጭሱ ውስጥ ሥራውን የሚሠራው ንጥረ ነገር ተለየ።

ለአገራችን ገበሬ በቀጥታ የሚነካው ምልክት ግን የአቀንጭራ ጉዳይ ነው። አቀንጭራ ማሽላን፣ በቆሎንና ጤፍን የሚያጠቃ ጥገኛ አረም ነው። ከአንድ ተክል በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ደቃቅ ዘር ይራገፋል፤ ዘሩም በአፈር ውስጥ ብዙ ዓመት ተኝቶ ይቆያል። ስንቁ አነስተኛ ስለሆነ ያለ አስተናጋጅ ከበቀለ በጥቂት ቀናት ይሞታል። ስለዚህ የሚነቃው የአስተናጋጁ ሥር የሚለቀውን ስትሪጎላክቶን ሲያገኝ ብቻ ነው። የመጀመሪያው ስትሪጎላክቶን በ1966 ከጥጥ ሥር ተገኘ። ማሽላ ጠላቱን የሚጠራው ለምን እንደሆነ ግን ለ39 ዓመት መልስ አላገኘም። በ2005 ጃፓናውያን ንጥረ ነገሩ ተክሉ ጠቃሚ የአፈር ፈንገሶችን የሚጠራበት መሆኑን አሳዩ፤ አቀንጭራ ጥሪውን ሰርቆ ይሰማል ማለት ነው። ኢትዮጵያዊው ገቢሳ ኤጀታና ባልደረቦቻቸው ይህን ምልክት አነስተኛ አድርገው የሚለቁ የማሽላ ዝርያዎችን አወጡ፤ ገቢሳም በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበሉ። በ2017 ደግሞ ከጠባዩ ጀርባ ያለው ጂን ተለየ፤ ተከላካዩ ማሽላ የሚለቀው የስትሪጎላክቶን ዓይነት የተለየ ነው። ያልተፈታው ጥያቄ ጠቃሚ ፈንገሶችን ሳያርቁ አቀንጭራን ጥሪውን ማሳጣት እስከ ምን ድረስ ይቻላል የሚለው ነው።

የሚከማች ዘርና የማይከማች ዘር

በ1973 እንግሊዛዊው ኤሪክ ሮበርትስ ዘሮችን ደርቀውና ቀዝቅዘው ለረጅም ጊዜ የሚቆዩና ድርቀትን ጨርሶ የማይችሉ ብለው በሁለት ከፈሏቸው። ጤፍ፣ ስንዴና ገብስ ከመጀመሪያው ወገን ናቸው። በ1990 ኤሊስ፣ ሆንግና ሮበርትስ በሁለቱ መካከል ሦስተኛ ምድብ እንዳለ ሲያስረዱ በምሳሌነት ያቀረቡት ቡናን ነው። የዓረቢካ ቡና ዘር በመጠኑ መድረቅን ይችላል፤ ደርቆ ከተቀዘቀዘ ግን ይሞታል።

ይህ ለኢትዮጵያ ትልቅ ጉዳይ ነው። በ1976 የተመሠረተው የአዲስ አበባው የዘር ባንክ የእህል ዘር በብርድ ክፍል ሊያኖር ይችላል፤ የቡናን ብዝኃነት ግን በዚህ መንገድ ማኖር አይቻልም። ለዚህ ነው በጅማ ዞን ጮጬ ላይ ቡናው በሕይወት እንዳለ በማሳ ተተክሎ የሚጠበቀው። የቆመ ተክል ቦታ፣ እንክብካቤና ከበሽታ ጥበቃ ይፈልጋል። ይህ ዘዴ በፈሳሽ ናይትሮጅን ከማቆየት ጋር እንዴት ይጣመር የሚለው አሁንም ክርክር አለበት።

ተፈጥሮ ራሷም በአፈር ውስጥ ዘር ታከማቻለች። ደምል ተክታይና ስዊድናዊው አንደርስ ግራንስትሮም በ1995 በጋራ አዴስ፣ በመናገሻ፣ በሙኔሳ ሻሸመኔና በወፍ ዋሻ ደኖች አፈር ውስጥ ያለውን ዘር አጥንተው አሳትመዋል። በአፈሩ ውስጥ ብዙ ዘር ተገኘ፤ አብዛኛው ግን የሣርና የትናንሽ ዕፅዋት ነበር፤ ከላይ ከቆሙት ዛፎች በአፈሩ ውስጥ የተገኙት ጥቂት ናቸው። በኋላም ዓለማየሁ ዋሴና ደምል በሰሜን ኢትዮጵያ የቤተ ክርስቲያን ደኖች ላይ ተመሳሳይ ውጤት አግኝተዋል። ደን ቢጨፈጨፍም አፈሩ መልሶ ያበቅለዋል የሚለው ተስፋ ለአብዛኛው የደጋ ዛፍ አይሠራም ማለት ነው። እነዚህ ዛፎች የሚተኩት በአፈር ውስጥ በተቀበረ ዘር ሳይሆን ከጥላ ሥር ተራቸውን በሚጠብቁ ቡቃያዎች ነው።

ከበቀለ በኋላ፦ ቡቃያው ለምን ይሞታል?

የቡና ዘር ከተዘራ በኋላ ብቅ ለማለት ሁለት ወር ገደማ ይፈጅበታል። መጀመሪያ ግንዱ እንደ ማረሻ ጎብጦ አፈሩን ይሰነጥቃል፤ ቀጥሎ ቀጥ ሲል ፍሬዋን ከነገለፈቷ ተሸክሞ ይነሳል። በውስጥ ያሉት ሁለት ክኮች የፍሬዋን ስንቅ እየመጠጡ ያድጋሉ፤ ስንቁ ሲያልቅ ገለፈቱ ይወድቃል፣ ክኮቹም ተዘርግተው አረንጓዴ ቅጠል ይሆናሉ። ከእናት ስንቅ ወደ ራስ ምግብ የሚደረገው ይህ ሽግግር ከሁሉ የከፋው ጊዜ ነው። የት ላይ ቡቃያነት አብቅቶ ችግኝነት ይጀምራል የሚለውም ስምምነት አላገኘም፤ አንዳንዶች ስንቁ ሲያልቅ፣ ሌሎች እውነተኛ ቅጠል ሲወጣ፣ ሌሎች ደግሞ የመጀመሪያውን በጋ ሲያልፍ ይላሉ።

የሞቱን ምክንያት በተመለከተ ሦስት አቋሞች አሉ። አንደኛው ቦታው ነው ይላል። ሃርፐር ዘር የሚነቃበትና ቡቃያ የሚተርፍበት ትንሽ ምቹ ቦታ ወሳኝ ነው አለ፤ ፒተር ግረብም በ1977 ሙሉ ዛፍ የሚመቸውና ቡቃያ የሚመቸው ሁኔታ እንደሚለያይ አስረዳ። ሁለተኛው ጠላት ነው ይላል። ዳንኤል ጃንዘን በ1970፣ ጆሴፍ ኮኔል በ1971 በእናት ዛፍ አጠገብ የሚወድቁ ዘሮችና ቡቃያዎች በተባይና በበሽታ ይበልጥ እንደሚያልቁ ሐሳብ አቀረቡ። በዚህ ላይ የተሰበሰቡት ጥናቶች አልተስማሙም፤ በ2003 የወጣ ጥቅል ትንተና አጠቃላይ ድጋፍ አላገኘለትም፣ በ2014 የወጣው ግን ደግፎታል። ሦስተኛው አቋም መጠን ነው ይላል። ትልቅ ዘር ለቡቃያው ብዙ ስንቅ ይሰጣል፤ ትንሽ ዘር በብዛት ያካክሳል። እንደ ማስረጃው የትልቅ ዘር ቡቃያ በእርግጥ ይበልጥ ይተርፋል፤ ነገር ግን ይህ ብቻውን የብዛቱን ጥቅም አይሸፍንም።

ከኢትዮጵያ ደኖች የተገኘው ማስረጃ

ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖችን አጥንተዋል። አገር በቀል ዛፎች በአካባቢው ተጠብቀው የቀሩት በእነዚህ ደኖች ነው፤ በብዙዎቹ ግን ተተኪ ቡቃያ አነስተኛ ነው። አጥር አድርገው ሲሞክሩ ከብት ባልገባበት መደብ ቡቃያው የተሻለ ተረፈ፣ የተሻለም አደገ። ከዚያ በኋላ ከአሜሪካዊቷ ማርጋሬት ሎውማን ጋር ሆነው ምእመናኑ ከማሳቸው በለቀሙት ድንጋይ ደኖቻቸውን እንዲያጥሩ አግዘዋል። በዚህ ማስረጃ መሠረት ዋናው እንቅፋት የዘር እጦት አልነበረም፤ የከብት ጥርስና ሰኮና ነበር።

ከትግራይ የተገኘው ማስረጃ ሌላ ነገር ይጨምራል። ራፍ አርትስና ባልደረቦቹ በ2007 ባወጡት ጥናት ከከብት በተከለለ ቦታ እንኳ በደደሆ ቁጥቋጦ ጥላ ሥር የተተከለ የወይራ ችግኝ ገላጣ ላይ ከተተከለው በተሻለ ተርፏል። በተለምዶ ቁጥቋጦ ለተከላ ይመነጠራል፤ ለወይራ ግን ሞግዚት ነበር። ባሕር ዛፍና ሌሎች የባሕር ማዶ ዛፎችስ? ብዙ ሰው አገር በቀሉን ያጠፋሉ ይላል። ፈየራ ሰንበታና ደምል በመናገሻና በሙኔሳ ሻሸመኔ ሲያጠኑ ግን በተተከሉ ደኖች ጥላ ሥር ብዙ አገር በቀል ዛፎች በቅለው አግኝተዋል። እነዚህ የተተከሉ ደኖች ግን በአጠገባቸው የዘር ምንጭ የሚሆን የተፈጥሮ ደን ነበራቸው። የተፈጥሮ ደን በሌለበት ገላጣ ኮረብታ ይህ ውጤት ይደገማል ብሎ መደምደም አይቻልም።

ዛሬ ላይ ያሉ ክርክሮች

ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት አስታወቀ። የዘመቻው ደጋፊዎች ሕዝብን ያነቃቃል፣ የዘር ምንጭ በጠፋበት ቦታ ተከላ ብቻ ነው መልሱ ይላሉ፤ ትክክል ነው። ተቺዎች መሬቱ ከንክኪ ከተጠበቀ በአነስተኛ ወጪ ራሱ ያበቅላል ይላሉ፤ የዘር ምንጭ ቅርብ ከሆነ ይህም ትክክል ነው። ሁለቱ የሚጋጩት ቦታውን ሳይለዩ ሲከራከሩ ነው። ከቤተ ክርስቲያን ደን አጠገብ ያለ መሬት አጥር ይበቃው ይሆናል፤ የተራቆተ ተዳፋት ግን አጥር ብቻውን አይበቃውም።

በእርሻ ማሳም ተመሳሳይ ክርክር አለ። የአንድ የጤፍ ዘር ክብደት 0.3 ሚሊግራም ገደማ ነው። በሄክታር 30 ኪሎ ሲበተን በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ወደ 10,000 ዘር ይወድቃል። በመስመር መዝራትን የሚደግፉ ባለሙያዎች ጥግግቱ ቡቃያዎቹን ያሻማል፣ ሰብሉም እንዲጋሽብ ያደርጋል ብለው የዘር መጠኑን እስከ 5 ኪሎ ዝቅ ማድረግን መከሩ። በገበሬ ማሳ ላይ የተደረጉ ፍተሻዎች ግን የምርቱ ጭማሪ ከተጠበቀው በእጅጉ ያነሰ፣ የሚጠይቀው ጉልበትም የበዛ መሆኑን አሳዩ። ገበሬው ዘር የሚያበዛው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ጥቅጥቅ ያለ ቡቃያ አረምን ያፍናል፣ ዝናብ ቢቋረጥም የሚተርፍ ይኖረዋል። በየትኛው አፈርና በየትኛው ዝናብ የቱ ዘዴ ይሻላል የሚለው ገና በበቂ አልተመለሰም።

ማጠቃለያ

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ፍርድ ግልጽ ነው። ዘር የሚነቃበትን ምክንያት ሳይንስ በደንብ ያውቃል፤ እውቀቱም በችግኝ ጣቢያዎች ሊተገበር ይችላል። ዋናው ማነቆ ያለው በመብቀልና በመጽደቅ መካከል ነው፤ ያንን ማነቆ የሚፈቱት አጥር፣ ጥላ፣ የዘር ምንጭ ቅርበትና ከብትን ማራቅ ናቸው። እስካሁን በይፋ የምንሰማው ግን በአብዛኛው የተተከለውን ቁጥር ነው። ስለዚህ በየዓመቱ የሚተከለውን ለሕዝብ የሚነግሩ ተቋማት ሁለት በጋ ያለፈውንም ይቁጠሩ፤ በየትኛው ቦታ፣ የትኛው ዛፍ፣ በምን ዓይነት ጥበቃ እንደጸደቀ ለይተው ያሳትሙ። ይህ መረጃ ከሌለ የሚቀጥለው ክረምት ተከላ ካለፈው የሚማረው ነገር አይኖረውም።